ውሃ የጣለው እንጨትና የሲስተር አልማዝ ገንዳ

ሥራዬ እንጨት መቀቀል ነበር። የምትስቁ ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። ወንዝና ሐይቅ ዳር ውሃ የጣለውን ጠማማ እንጨትና ሥር እየሰበሰብኩ፣ ፍቄ፣ ቀቅዬ፣ ዘፍዝፌ፣ ዓሣ በሚኖርበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ እንዲገባ አዘጋጅ ነበር። አኳሪየም ይሉታል። ዘንድሮ ወገቤ አልታዘዝ ስላለኝ ተውኩት። ውሃ የጠጣ እንጨት ከበርሜል መጎተት የጎረምሳ ሥራ ነው፤ እኔ አሁን ጫማዬን ለማሰርም ቁጭ ማለት አለብኝ።

ብዙ መጻፍ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው የእንጨት ልክ ብቻ ነው። ግን ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነውና ልጻፈው አልኩ። ደግሞም አንድ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ሙሉ ገንዳ ዓሣ በእኔ እንጨት አለቀ። ገንዳውን የምትጠብቀው ሲስተር አልማዝ እንጨቴን አውጥታ ደጅ ጣለችውና «ሁለተኛ እንጨት እዚህ አይገባም» አለች። ይህን ቃሏን ሳላስለውጥ ሥራ አላቆምም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራበት እዚያ ጋሽ ገብሬ የሚባል አናጢ ቤት ተቀጥሬ ነበር። በር፣ መስኮት፣ አልጋ እንሠራለን። ጋሽ ገብሬ ቀጥ ያለ ነገር ብቻ ነው የሚወድ። ጣውላ ትንሽ ከጎበጠበት እንደ ሰው ይሰድበዋል፣ «ውሰድና አንድደው» ይለኛል። ሰፈሩ ሲፈርስ እኛም ተበተንን። ከዚያ በየሕንፃው ኮንክሪት የሚሞላበትን ጣውላ ስመታ ኖርኩ። አለቃው በየሕንፃው ይለያያል፣ ስድቡ ግን አንድ ነው።

ጋሽ ሰይድን ያገኘሁት አብነት ሰፈር ነው። በልጅነቱ ከወሎ የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር፣ በዕድሜም ይበልጠኛል። ዓሣና የዓሣ ገንዳ ይሸጣል። የገንዳው ጠረጴዛ ዘመመብኝ ብሎ አስጠራኝና አስተካከልኩለት። ወለሉ ላይ አንድ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ሥር ተጋድሟል። እግረ መንገዴን ልርዳው ብዬ መጋዝ አንስቼ ጎኑን ልቆርጥለት ስል እጄን ያዘኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጠማማ ነውኮ ጋሼ። ላቃናልዎት ብዬ ነው።»

«የምሸጠው ጠማማነቱን ነው። ዓሣ ቀጥ ያለ እንጨት ምን ያደርግለታል፣ በር ሊገጥምበት ነው?»

በማግስቱ እሱ ዘንድ ሥራ ጀመርኩ። ደመወዙ ከሕንፃው አይበልጥም፣ ግን ከፎቅ አልወድቅም።

መጀመሪያ የተማርኩት እንጨትን መጠርጠር ነው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ወደ አዋሽ ዳር ወይም ወደ ዝዋይ እንወርዳለን። እንጨቱ አሸዋው ላይ ተከምሮ ይገኛል፣ ቅርፊቱን ውሃው ራሱ ልጦታል፣ ፀሐይ አንጥታዋለች። ሲያዩት ሁሉም ያምራል፤ ሁሉም ግን አይሆንም። ጋሽ ሰይድ በጥፍሩ ይጭረዋል። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነፍስ አለው ብሎ ይተወዋል፣ ጥፍሩ ከሰመጠም በስብሷል ብሎ ይተወዋል። ቀጥሎ ውሃ ያርከፈክፍበትና ያሸተዋል። ባህር ዛፍና ጥድ ሲረጥቡ ራሳቸውን ያጋልጣሉ፣ ዘይታቸውና ሙጫቸው ለዓሣ አይሆንም። ቁልቋልና ወተት ያለው ነገር ሁሉ አይነካም። ብርብራ የሚሉት ዛፍ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያሰክሩበት ነው፣ እሱን ከሩቁ። አንድ ሹፌር ከሻላ ዳር አጥንት የመሰለ ነጭ እንጨት ጭኖ አምጥቶልን እኔ ስደሰት ጋሽ ሰይድ መለሰው። የዚያ ሐይቅ ውሃ ሶዳ ነው፣ እንጨቱም የነጣው ሶዳ ጠጥቶ ነው አለኝ። የከተማችን ወንዝማ የሁላችንን ቆሻሻ ነው የሚጠጣው፤ አጠገባችን ቢሆንም ከሱ አናነሳም። የምንፈልገው ወይራና ግራር ነበር፣ ጠንካራ፣ ቶሎ የማይፈርስ።

ዝዋይ ላይ አንድ ጥበቃ መኪናችንን አስቁሞ ጠየቀን።

«ማገዶ ነው?»

«አይ፣ ለዓሣ ነው» አልኩት።

«ዓሣ እንጨት ይበላል?»

«አይበላም። ይደበቅበታል።»

«ከማን ነው የሚደበቀው?»

ጋሽ ሰይድ «ከእኛ» አለው። ሰውዬው ትንሽ አሰበና እለፉ አለን።

የመቀቀሉ ሥራ ቤቴ ነበር፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር። የሱቁ ጓሮ ጠባብ ስለሆነ በርሜሎቹን እኛ ግቢ አደረግናቸው። ግማሽ በርሜል ጉልቻ ላይ ጥጄ እንጨቱን እከተዋለሁ። ሲፈላ ውሃው እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፣ እደፋዋለሁ፣ ሌላ እሞላለሁ፣ ደግሞ አፈላለሁ። ፍላቱ ትሉንና የትሉን እንቁላል ይገድላል፣ የእንጨቱንም ቀለም ያወጣል። ከመጠን በላይ ግን አይቀቀልም፤ ሥጋው ይላላና ገንዳ ውስጥ ይፈርሳል። ሲበርድ በሽቦ ብሩሽ እፍቀዋለሁ፣ የላላውን በቢላ አነሳለሁ፣ የዓሣ ክንፍ እንዳይቀድ ሹሉን በሞረድ አለዝባለሁ። ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫርኒሽ የሚባል ነገር አይጠጋውም። እንጨት የጠጣውን አይረሳም፣ መልሶ ዓሣው ላይ ይተፋዋል።

ጎረቤቴ ወይዘሮ በላይነሽ ባለፈች ቁጥር በርሜሉን ትመለከታለች።

«ደምሴ፣ በሰለልህ?»

«ገና ነው።»

«ጨው ጣል አድርግበት። ሥጋ ሲወደድ እንዲህ ሆንክ?»

«ነይ ቅመሽልኝ።»

«ጾም ላይ ነኝ» ብላ ትሄዳለች። ፍስክም ሆኖ መልሷ እሱ ነበር።

ከተቀቀለ በኋላ ሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ይዘፈዘፋል። ድንጋዩ ሲነሳ ተንሳፍፎ ከወጣ ገና ነው፤ በራሱ ከሰመጠ ጠግቧል። ውሃውን እየቀያየሩ ማቆየት ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምቀይረው ስትመጣ ነበር። እኔ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ፣ ጋሽ ሰይድ «ይጠጣ፣ ይጠጣ» ይለኛል።

የጋሽ ሰይድን አመል ልንገራችሁ። አበባ የተሣለበት ነጭ የብረት ሳህን አለው። ከበርሜሉ ውሃ ይቀዳበትና ብርሃን ላይ ያቆመዋል። አበባው ከደበዘዘ እንጨቱ ገና ቀለም ይለቃል፣ አበባው ጥርት ብሎ ከታየ ደህና ነው። ለደንበኛ በጠየቀው ቀን «ደርሷል» ብሎ አያውቅም፤ «ነገ ና» ይላል፣ ነገም ሲመጣ አንዳንዴ «ነገ ና» ይላል። ከሁሉም ዋናው ምላሱ ነው። ሱቅ የገባ እንጨት ሁሉ ሳይቀመስ አይወጣም። ምላሱን ያስነካና ይተፋል፣ ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል ወይ በእጁ «መልሰው» ይለኛል። መጀመሪያ አስቆኛል። በኋላ ግን እሱ መልሰው ያለውን እንጨት ስፈልጠው አንድ ጊዜ ውስጡ ጥቁር ዘይት አገኘሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም። እኔም እንድቀምስ ያዝዘኛል፤ የእኔን ምላስ ግን በርበሬና ሲጋራ ከገደሏት ቆይተዋል።

አሁን ወደ ሲስተር አልማዝ ልምጣ። ልደታ ያለች የአንዲት ትንሽ የሕፃናት ክሊኒክ ዋና ነርስ ናት። ቆጣ ያለች፣ ነጠላ ጫማዋ ከሩቅ የሚሰማ። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች መርፌውን እንዲረሱ ብላ ትልቅ ገንዳ አስገብታለች፣ ዓሦቹንም ራሷ ናት የምታበላቸው። ከመካከላቸው አንድ ቀይ፣ ጉንጩ የተነፋ ትልቅ ዓሣ ነበር፤ ልጆቹ «ሻለቃ» ይሉታል። ገንዳው ባዶ ሜዳ መሰለኝ፣ አንድ ቆንጆ እንጨት አምጡልኝ አለችን።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። የሲስተርን እንጨት ቀቅዬ በርሜል ውስጥ እንደዘፈዘፍኩት አጎቴ አረፈ ተብሎ ወሊሶ ለቅሶ ሄድኩ፣ እዚያም ቆየሁ። ስመለስ እንጨቱ ሰምጧል፣ ውሃውም ንጹሕ ነው። ባለቤቴ እታገኝ «ውሃ መጥታ ቀይሬልሃለሁ» አለችኝ፣ አመሰገንኳት። ሳጥበው ብሩሹ ላይ ትንሽ አረፋ ወጣ። የእንጨቱ ጭማቂ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ግራር አንዳንዴ ያደርገዋል። ጋሽ ሰይድ አንኳኳው፣ አሸተተው፣ በሳህኑ አየው፣ አበባው ጥርት አለ። ምላሱን ግን አላስነካም፣ ጾመኛ ነው። «ደምሴ፣ አንተ ቅመሰው» አለኝ። ቀመስኩት። እንጨት እንጨት አለኝ። ወሰድነውና አስገባነው፣ አማረ፣ ልጆቹም ከበቡት።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ስደርስ ሲስተር አልማዝ ገንዳውን በአልጋ አንሶላ ሸፍናዋለች፣ ልጆቹ እንዳያዩ። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ዓሦቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ሻለቃ ብቻ ወደ ጎኑ አዘንብሎ አፉን ውሃው ፊት ላይ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቆመን እያየነው እሱም ተወ። እንጨቴ ከበሩ ውጭ፣ ከቆሻሻው ቅርጫት አጠገብ ተጥሏል።

«አባባ፣ ይህን ይዘው ይሂዱልኝ።»

«ሲስተር፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ በዝቶ ይሆናል።»

«ውሃው የነበረው ውሃ ነው። አዲስ የገባው የእርስዎ እንጨት ብቻ ነው።»

«እንጨት ዓሣ አይገድልም።»

«ገደለ» አለች። «ሁለተኛ እንጨት እዚህ አይገባም። ለእነዚያ ልጆች ምን እንደምል የምጨነቀው እኔ ነኝ።»

እንጨቱን በትከሻዬ ተሸክሜ አብነት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ክሎሪን ነው እያልኩ ስጨቃጨቅ እስክጨርስ ሰማኝ። መግሪብ ደርሶ ሲያፈጥር በቴምር ጾሙን ፈታ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ እንጨቱን አምጣው አለኝ። አረጠበው፣ ምላሱን አስነካ። ወዲያው ተፋና አፉን ደጋግሞ ተጉመጠመጠ።

«ያንገበግባል። እንዶድ ነው።»

«እንዶድ ከየት ይመጣል?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። እኛ አገር ሴቶቹ በእንዶድ ጋቢ ሲያጥቡ ከታች ያለው ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ይወርድ ነበር። ልጆች ሆነን እንለቅመው ነበር።»

ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ጠየቅኳት።

«እታገኝ፣ እኔ በሌለሁበት በርሜሌ ውስጥ ምን ጨመርሽ?»

«ምን እጨምራለሁ? ለፋሲካ ጋቢዎቹን አጠብኩበት እንጂ።»

«በምን?»

«በእንዶድ ነዋ። እንጨትህን አውጥቼ አጠብኩና መልሼ ከተትኩልህ።»

«እዚያው እጣቢ ውስጥ?»

«በስንት መከራ የመጣች ውሃ ልድፋት? ሌላ ውሃ እስክትመጣ ድረስ እዚያው ተቀመጠ፣ ስትመጣ ቀየርኩልህ። ደሞ ጋቢውን እንዲያ ካነጣ እንጨትህንም ያነጣልሃል ብዬ ነው። ለአንተው ብዬ።»

«ለእኔው ብለሽ ስንት ዓሣ ፈጀሽ።»

«እኔ ዓሣ የት አየሁ? እኔ ያየሁት እንጨት ነው።»

ጋቢዎቹን አየኋቸው። ጋቢው ነጥቶ ነበር፣ አልዋሽም።

ከጋሽ ሰይድ ጋር ሄደን ለሲስተር አልማዝ እንደሆነው ነገርናት። ጋቢው ጋ ስንደርስ ከንፈሯ ትንሽ ሳቅ አለ፣ መልሳ ዘጋችው። «ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። እንጨት ግን አይገባም።» አዳዲስ ዓሣ ገዝታ ከእንጨቱ ቦታ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት አስቀምጣለች። ዓሦቹ በመስኮቱ ገብተው በበሩ ይወጣሉ። አልወደድኩትም። ጋሽ ሰይድ «ተዋት፣ እውነት አላት» አለኝ። እውነት አላት፣ አልካድኩም። እኔ ግን ግትር ነኝ።

ያንን የእንዶድ እንጨት ፈልጬ አነደድኩት፣ በሱ እሳት ሌላ እንጨት ቀቀልኩ። ከአዋሽ ያመጣነው የወይራ ሥር ነበር፣ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ። በርሜሉን ክዳንና ቁልፍ አበጀሁለት። እታገኝ «ባንክ ከፈትክ?» እያለች ታልፋለች። ይጠጣ፣ ይጠጣ አልኩ እኔም። የራሴን ትንሽ ገንዳ ገዝቼ የራሴን ዓሦች አስገባሁበት፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም እንጨት ደንበኛ ቤት ከመሄዱ በፊት ከእኔ ዓሦች ጋር ይኖራል። ጋሽ ሰይድ ሳይቀምሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም፤ ጾም ከሆነ ጾሙ እስኪፈታ ይጠበቃል።

የወይራው ሥር ከዓሦቼ ጋር ሰንብቶ፣ ዓሦቼም ወፍረው ሳይ፣ ትንሹን ገንዳ ከነእንጨቱ ከነዓሦቹ ታክሲ ተኮናትሬ ክሊኒኩ ወሰድኩት።

«ምንድነው አባባ?» አለች ሲስተር አልማዝ፣ ወገቧን ይዛ።

«ያንቺ ገንዳ ውስጥ አይገባም። እዚህ መስኮቱ ላይ ይቀመጥ። ዓሦቹም የእኔ ናቸው፣ ቢሞቱ የምከስረው እኔ።»

«ተንኮልዎ ገብቶኛል።»

«ይግባሽ።»

አልከለከለችኝም። እየሄድኩ አያለሁ። ልጆቹ ቤተ መንግሥቱን ትተው መስኮቱ ጋ ይጋፋሉ፤ ዓሦቹ ከእንጨቱ ጣቶች መሀል ሲወጡና ሲደበቁ ይቆጥራሉ፣ ተሳሳትክ እየተባባሉ ይጣላሉ። ሲስተር አልማዝ በአጠገባቸው ስታልፍ አታይም፣ ወይም የማታይ ትመስላለች። እንዲህ ሆነን ቆየን። አንድ ቀን ስገባ እጅጌዋን ሰብስባ ጠበቀችኝ።

«ትልቁ ገንዳ ውስጥ ያስገቡት። ግን ቀኑን ሙሉ እዚሁ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። አንድ ዓሣ ጎኑን ካዘነበለ እርስዎም እንጨቱም ትወጣላችሁ።»

አስገባሁትና ከእናቶቹ መሀል አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ትኩሳት ያለው ልጅ ያቀፈች ሴት ወደ እኔ ዞር አለች።

«አባባ፣ ልጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ልጅ አይደለም። እንጨቴን እየጠበቅሁ ነው።»

ሴትዮዋ አየችኝ፣ ልጇን ጠበቅ አደረገችና ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አልፈርድባትም።

ዓሦቹ መጀመሪያ ተሰብስበው ጥግ ያዙ። ከዚያ አንዱ ወጣና እንጨቱን በአፉ ነካ ነካ አደረገው፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ክሊኒኩ ሲዘጋ ሁሉም ደህና ነበሩ። ሲስተር አልማዝ መብራቱን አጥፍታ «ነገም ይምጡ» አለችኝ። ሄድኩ። ሰንብቶ እንጨቱ ላይ ነጭ ልጋግ መሳይ ነገር ሲወጣ በስልክ ጮኸችብኝ። አዲስ እንጨት ሁሉ ያወጣዋል፣ ዓሦቹ ራሳቸው ይልሱታል አልኳት። አላመነችኝም፤ ልሰው ሲጨርሱ ግን አልደወለችም።

ጋሽ ሰይድ አሁን ደሴ ልጁ ዘንድ ነው፣ ሱቁን ለእህቱ ልጅ ተወለት። ስደውልለት ከጤናዬ በፊት እንጨቱን ይጠይቃል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጣውላ አቅንቻለሁ፣ ብዙ በር ገጥሜአለሁ፣ የት እንዳሉ አላውቅም፤ አብዛኛው ፈርሷል። የእንጨቶቼን ግን የእያንዳንዱን ቤት አውቃለሁ። ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ዘንድሮ ሥራ ከመተዌ በፊት ሁሉንም ዞሬ አየሁ፣ የላላ ካለ ለመፋቅ። ክሊኒኩ የመጨረሻው ነበር። የወይራው ሥር ሽበት እንዳወጣ ሰው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። ቤተ መንግሥቱ የለም፣ መቼ እንዳወጣችው አልጠየቅሁም። አውጥቼ በብሩሽ ላጥበው ብዬ ክንዴን እስከ ብብቴ ውሃው ውስጥ ከተትኩና ያዝኩት። ነጠላ ጫማዋ ከኮሪደሩ ሲሮጥ ሰማሁ።

«አባባ፣ ይልቀቁት።»

«ላጥበው ነው ሲስተር። አረጀ፣ አየሽው?»

«ይልቀቁት አልኩ። ከሥሩ እንቁላል ጥለዋል፣ እናትና አባቱ እየጠበቁት ነው። ያንን እንጨት ማንም አይነካውም፣ እርስዎም ቢሆኑ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ጠፍጣፋ ዓሦች በእንጨቱ ጣቶች መሀል ቆመው ወደ እጄ ዞረዋል። ለቀቅኩት። ሲስተር አልማዝ ፎጣ አቀበለችኝና ክንዴን እስካደርቅ ድረስ በእኔና በገንዳው መሀል ቆማ ጠበቀች።